ብርድ ሰኞን አይመርጥም

የባሕር ዳር ሰዎች፣ እስቲ እንወቃቀስ። የዕድር መዋጮ ቀን አናሳልፍም፤ ቅጣት አለዋ! አብሮን የሚሠራው ሰው የደም ግፊቱ ስንት እንደሆነ ግን እኛም አናውቅም፣ እሱም አያውቅም። ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ተዝለፍልፎ ሲወድቅ ያኔ ለማሳከሚያ እንሯሯጣለን። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን እንኳ የምናነበው ጤና ጣቢያ ወረፋ ስንጠብቅ ነው።

ነጻ ምርመራ በዘመቻ ሲመጣ ተጋፍተን እንለካለን፤ በማግስቱ እንረሳዋለን። ይሄ ክትትል አይደለም። አንድ ቀን ከፍ ያለ ግፊት በድንጋጤም ይመጣል። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሲደጋገም ነው ሕክምና የሚያሻው።

የጥጥ አቧራውንስ? ጨርቃ ጨርቅ እንጀራ የሆነላት ከተማ ልጆች ነን። ፈተል ክፍል የሚሠራ ሰው አርፎ ሰኞ ሲመለስ ደረቱን ጭምቅ ያደርገዋል፤ ያስለዋል። ሳምንቱ ሲገፋ ቀለል ይለዋል። እኛም «ብርድ ነው» ብለን ዝንጅብል እናፈላለታለን። ብርድ ሰኞን አይመርጥም! ከፈረቃ በፊትና በኋላ በትንሽ የትንፋሽ መለኪያ ቢነፋ ልዩነቱ ይታይ ነበር። በጊዜ ከአቧራው ከራቀ ይሻለዋል፤ ዓመታት ከቆየ ግን ሳንባው እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል።

ነርስነት ተመርቀው ሥራ ያጡ ልጆች በየቤቱ አሉ። ይደራጁና ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ ያቁሙ፤ በየሥራ ቦታው እየዞሩ የሠራተኛውን ግፊትና ትንፋሽ እየለኩ ይከታተሉ። ሆቴሉና ፋብሪካው በየወሩ ይክፈላቸው። ትርፉ ኪስ አይግባ፤ መክፈል ለማይችለው የጣና ዓሣ አስጋሪ የቢልሃርዚያ፣ ያ ውኃ ውስጥ ሲገቡ የሚይዘው የትል በሽታ፣ ምርመራ ይዋል። ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚያድረውን ሰው «ውኃ አትንካ» ማለትማ ቀልድ ነው።

አሠሪዎች፣ ምጽዋት አታስመስሉት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አደገኛ ሥራ ላይ ያለን ሠራተኛ እንደ አስፈላጊነቱ በራሳችሁ ወጪ እንድታስመረምሩ ያዛል። የእያንዳንዱን ውጤት ግን አምጡ አትበሉ። ለእናንተ ከፈተል ክፍል ስንት ሰው እንደሚያስለው ማወቅ ይበቃል። አለዚያ ሠራተኛው እባረራለሁ ብሎ ሕመሙን ይደብቃል።

ሠራተኞችም፣ ማስኩ ለአገጭ አልተሠራም።

ተመራቂዎች፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆሙ ይብቃችሁ። የሙያ ፈቃዳችሁን አውጥታችሁ ጨርሱ፣ ዋጋ ተምኑና ከአንድ ሆቴል ጀምሩ። በነጻ ግን አትጀምሩ፤ የመለኪያው ባትሪም በገንዘብ ነው የሚገዛው።