በራችን ክፍት ነው

በምሥራቅ ጎጃም እንደ እኛ ትምህርት ቤት መምህራን አድልዎን የሚጸየፍ ሰው አይገኝም፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ስለሆንሁ ምስጋናው ለራሴም ይድረሰኝ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከአገሪቱ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በዓመቱም 3.2 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ፣ እኛ ተሰብስበን የማጠናከሪያ ትምህርት ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እንዲሰጥ ወሰንን፤ ማስታወቂያውንም በመምህራን ማረፊያ በር ላይ ለጠፍን። ለከተሜውም ለባላገሩም ልጅ በአንድ ፊደል ተጽፏልና ከዚህ በላይ እኩልነት ከየት ይመጣል?

ቅዳሜ ገበያ ነው። ቤት ተከራይቶ የሚማረው የገጠር ልጅ ዓርብ ቀየው ወርዶ፣ የሳምንት ድርቆሹንና ሽሮውን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ፣ ቅዳሜ ከገበያተኛው ጋር ይመለሳል፤ እናቱ ዶሮዋን ሸጣ የቤት ኪራዩን እስክትሰጠውም ከገበያው አይወጣም። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ከረጢቱን እንደተሸከመ በመስኮት ከሰሌዳው ጥያቄ ሲገለብጥ አየሁት። የሒሳብ መምህራችን በሩ ክፍት መሆኑን በእጃቸው አሳዩት፤ ከረጢት ይዞ መግባት ግን ክልክል ነውና በደንቡ መሠረት መለሱት፤ በስም መቆጣጠሪያውም ላይ «ፍላጎት የለውም» ብለው ጻፉለት። የነጋዴ ልጅ ከረጢት ተሸክሞ ቢመጣም በዚያው ደንብ ይመልሱት እንደነበር እምላለሁ፤ የነጋዴ ልጅ ከረጢት አይሸከምም እንጂ።

በዚሁ በጎጃም ያሉት የቅኔ ቤቶች እዚህ ደረጃ ላይ አልደረሱም። የኔታ የእያንዳንዱን ተማሪ ቅኔ ለየብቻው ሰምተው እንደ ዕውቀቱ ያርሙለታል፤ ተማሪው አኮፋዳውን ይዞ ቁራሽ የሚለምንበት ጊዜም ከትምህርቱ ሥርዓት ጋር የተቆጠረ ነው። ለአንዱ እንዲህ፣ ለሌላው እንዲያ! ይህ በእኛ ቋንቋ አድልዎ ይባላል።

አንድ ወጣት ባልደረባችን ትምህርቱ ወደ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ይዛወር ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ለአንድ ወገን ብሎ ሰዓት መቀየር ሌላውን መበደል ነው ብለን በአንድ ድምፅ ጣልነው። ርእሰ መምህሩ ጉዳዩን እንደገና እንድናየው ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ጠርተው ነበር፤ ግን ገበያ አለብንና ወደ ረቡዕ አስዛወርነው።