ሦስት መቶ ጭራ

ስልኬ «ቦታ የለኝም» እያለ አንድ ሳምንት ሙሉ ነዘነዘኝ። ምን በልቶ ነው እንዲህ የጠገበው ብዬ ጋለሪውን ከፈትኩ። ጭራ። ደግሞ ጭራ። ከፎቶው ጥግ ሊያመልጥ የተንደረደረ ጭራ፣ ግማሹ ያመለጠ ጭራ፣ እንደ ጭስ የተበተነ ብርቱካናማ ጭራ። ቆጠርኩት፤ 300 አለፈ። አልፎ አልፎ ደግሞ ካኒቴራ የለበሰ ሰውዬ ብቅ ይላል። አንድ ዐይኑን ጨፍኗል፣ ምላሱን አውጥቷል፣ ስልክ ደግኗል። ሰውየው እኔ ነኝ። የዓሣ ገንዳው መስታወት ነው ያጋለጠኝ።

የጭራው ባለቤት፣ ጎልድፊሽ የሚባለው የገንዳ ዓሣ፣ የመጣው ለልጄ ተብሎ ነው። ልጄ በሁለተኛው ሳምንት ረሳችው። ምግቡም፣ ውሃ መቀየሩም፣ ገንዳ ማጠቡም ወደ እኔ ዞረ። እሱስ ይሁን። ያላስቻለኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አንድ ቀን ስልኩን አውጥቶ የእሱን ዓሣ አሳየኝ። ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በዐይኑ ዙሪያ ያለው ወርቃማ ቀለበት ያበራል። «ዝም ብዬ ነው ያነሳሁት» አለኝ። «ዝም ብዬ» የሚል ሰው ዝም ብሎ ሠርቶ አያውቅም። ቅናት ግን መቼ ይህን ያስባል? ሰው በመኪና ይቀናል፣ በቤት ይቀናል። እኔ በዓሣ ዐይን ቀናሁ።

እስቲ አስቡት። ሰው ካሜራ ሲያይ ይስተካከላል። ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ አንገቱን ያረዝማል፣ «ቆይ ቆይ፣ በዚህኛው ጎኔ» ይላል። ድመት እንኳ አንድ ሁለት ሰከንድ ትታገሳለች። ዓሣ ግን ሌንስ ሲያይ መቀመጫውን አዙሮ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር አንድ የሚመሰገንበት ነገር አለው። አይጨፍንም። ጎልድፊሽ የዐይን ቆብ የለውም። በቡድን ፎቶ ላይ ሁልጊዜ የሚጨፍን አንድ አጎት አለ አይደል? ዓሣ ዘንድ እንዲህ ያለ አጎት የለም።

የመጀመሪያ ሙከራዬ በፍላሽ ነበር። ቀረብ አልኩ፣ ደገንኩ፣ ተጫንኩ። የወጣው ፀሐይ ነው። መሃል ላይ ነጭ ፀሐይ፣ ዳር ዳሩ ጨለማ፣ ዓሣ የለም። መስታወት ፊት ለፊት የተላከለትን ብርሃን መልሶ ለላኪው ያደርሳል። ስልኩን ዘንበል አድርጌ ስሞክር ደግሞ ዓሣው ራሱ አምፖል ሆነ። የዓሣ ቆዳ ውስጥ ጉዋኒን የሚባል ነገር አለ፤ ክሪስታሎቹ እንደ ትንንሽ መስታወት ብርሃን ይመልሳሉ። ያ ሁሉ ብልጭልጭታ ከእነሱ ነው። ደህና ካሜራ ያላቸው ሰዎች ፍላሹን ነቅለው ከገንዳው በላይ ያደርጉታል፤ ብርሃኑ እንደ ፀሐይ ከላይ ይወርዳል። የስልክ ፍላሽ ከየት ይነቀላል?

ፍላሹን ተውኩት። ስልኩ ሌላ ጠባይ አመጣ። ፎከስ የሚያደርገው ዓሣው ላይ ሳይሆን መስታወቱ ላይ ሆነ። የልጄ የአውራ ጣት አሻራ ጥርት ብሎ ወጥቷል። መስመሩ ሁሉ ይነበባል፤ ለመታወቂያ ብንሰጠው ይቀበሉናል። ከኋላው ብርቱካናማ ደመና ይንሳፈፋል። መስታወቱን ከውጭ ወለወልኩ። ለካ ከውስጥም አረንጓዴ ነገር ለብሷል። ከውስጥ ፈገፈግኩት። የፈገፈግኩት ሁሉ ውሃው ላይ ተበተነ። እስኪረጋ ብዬ ማጣሪያውን አጠፋሁ። (ማጥፋቱ ቀላል ነው። መልሶ ማብራቱን ነው ሰው የሚረሳው። አንዴ ረስቼ ዓሣው ላይ ላዩን አፉን ሲከፍት አገኘሁት። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።) ውሃው ጠራ። ቀረብ እንዲልልኝ ምግብ በተንኩለት። መጣ። ጎረሰ፣ ተፋ፣ መልሶ ጎረሰ። ውሃው እንደገና ደፈረሰ።

በመጨረሻ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ባልደረባዬን ጠየቅኩት። ያቺ «ዝም ብዬ» ያላት ፎቶ ለካ ከ400 አንዷ ናት! ምስጢሩን ሁሉ ዘረገፈው። የክፍሉን መብራት አጥፋ፣ የገንዳው ብቻ ይብራ። ጥቁር ልብስ ልበስ፣ አለዚያ ፎቶ የምታነሳው ራስህን ነው። ሌንሱን መስታወቱ ላይ ለጥፈው። በጎን አታንሳ፤ ውሃና መስታወት ብርሃን ስለሚሰብሩ አግድም ያነሳኸው ይደበዝዛል፣ ጠርዙም የቀለም ክር ያወጣል። የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት 1/200 ሰከንድ አድርገው። ከሁሉም በላይ ዓሣውን አታሳድደው። ጎልድፊሽ የሚመላለስበት መንገድ አለው፤ መንገዱን አጥና፣ መታጠፊያው ላይ ፎከስ አድርግና ቁጭ ብለህ ጠብቅ።

ጠበቅኩ። በጨለማ፣ በርጩማ ላይ፣ አፍንጫዬን መስታወት ላይ አስደግፌ። ባለቤቴ ገባች።

«በጨለማ ምን ትሠራለህ?»

«ዓሣውን እያነሳሁ ነው።»

«ውይ! ሞተ እንዴ?»

መብራቱን አበራችው። ዓሣው ድንጋዩ ሥር ገባ። ያን ምሽት አልወጣም።

እ.ኤ.አ. በ1893 ሉዊ ቡታን የሚባል ፈረንሳዊ የባሕር ተመራማሪ የጠላቂ ልብስ ለብሶ፣ ካሜራውን ውሃ በማያስገባ ሳጥን ይዞ ባሕር ውስጥ ገብቶ ፎቶ አንስቷል። እሱን ሳስብ ትንሽ አፍር ነበር። በኋላ ግን ተጽናናሁ። ቡታን ባሕሩ ውስጥ መብራት የሚያበራበት ሰው አልነበረም።

እሁድ ዕለት ቤተሰቡን ይዤ ትልቅ አኳሪየም፣ የዓሣ ማሳያ ቤት፣ ሄድን። ለልጄ ነው ብያለሁ። ሁሉም ለልጁ ነው የሚለው። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ሁላችንም ሰማያዊ ሆነናል። መግቢያው ላይ በትልቁ «ፍላሽ ክልክል ነው» ይላል። አንድ ሰውዬ ማስታወቂያውን ራሱን በፍላሽ ሲያነሳ አየሁ። ትልቁ ገንዳ ፊት የቆመ አባት ልጁን ያስተካክላል። «ዙር፣ ሳቅ በል፣ አትንቀሳቀስ፣ ሻርኩ እስኪመጣ!» ልጁ ሳቀ። ሻርኩ አልመጣም። ልጁ ጉንጩ እስኪደክም ሳቀ። ሻርኩ የመጣው ልጁ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ነው። ከአጠገባቸው አንዲት ሴት በቪዲዮ እየደወለች «ይታይሻል? ይታይሻል?» ትላለች። ከዚያኛው ወገን የሚመጣው መልስ አንድ ነው፤ «ጨለማ ነው።»

እኔ ደግሞ ባለሙያ ሆኛለሁ። ስልኬን ለጠፍኩ። የእነዚህ ቤቶች መስኮት የቤት መስታወት እንዳይመስላችሁ። ጃፓን ኦኪናዋ ያለው ቹራውሚ አኳሪየም የትልቁ ገንዳ መስኮት 8.2 ሜትር ቁመት፣ 22.5 ሜትር ስፋት አለው፤ ውፍረቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። አክሪሊክ የሚሉት ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። ግድግዳ በሉት። እንዲህ ያለው ውፍረት በጎን ለሚያነሳ ሰው ይቅርታ የለውም። ፊት ለፊት ገጥሜ እየጠበቅኩ እያለ አንድ ጎረምሳ መስኮቱን በጣቱ ደበደበው። ዓሣውን ሊጠራ ነው። የዓሣ ጎን ላይ የውሃ ንቅናቄ የሚሰማበት መስመር አለ። በሩን ደብድቦ «ና ፎቶ ላንሳህ» የሚል እንግዳ ቢመጣብን ማናችን እንከፍታለን?

አርቸርፊሽ የሚሉት ዓሣ አለ። ውሃ ከአፉ እየተፋ ከቅጠል ላይ ነፍሳት ያወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት የሰው ፊት ለይቶ እንደሚያውቅ አሳይቷል። እንዴት እንደሚያሳውቅ ታውቃላችሁ? የተማረው ፊት ሲመጣለት ይተፋበታል። የእኔ ጎልድፊሽ ይህ ስጦታ ስላልተሰጠው አመሰግናለሁ። ካደረግኩበት አንጻር እስከ ዛሬ ታጥቤ አልደርቅም ነበር።

ያለፈው ማክሰኞ ግን ሆነልኝ። መብራት አጥፍቼ፣ በጨለማ ያገኘሁትን ጥቁር ሹራብ አጥልቄ፣ መታጠፊያው ላይ አነጣጥሬ አርባ ደቂቃ ጠበቅኩ። ዓሣው መጣ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ክንፎቹን እንደ ማራገቢያ ዘረጋ። ያ ወርቃማ ቀለበት ዐይኑ ላይ ቦግ አለ። ተጫንኩ። በዚያችው ቅጽበት ባለቤቴ የኮሪደሩን መብራት አበራች። ግድ የለም፣ ወጥቷል። ቅርፊቱ ይቆጠራል። ስንጥቡ ሲከፈት ይታያል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ለቤተሰብ ግሩፕ ላክሁት። እህቴ የልብ ምልክት ላከች። አጎቴ አውራ ጣቱን ቀሰረ። ከዚያ እናቴ መጻፍ ጀመረች። ረጅም ሰዓት ጻፈች።

«ልጄ ምነው ከሳህብኝ? ጥግ ላይ አየሁህ። አሳድጌ አየሁት። ሹራብህን ደግሞ ገልብጠህ ነው የለበስከው።»