ለአባቴ ሰዓት ሰከንድ አጣሁለት

ዛሬ ልጽፈው ነው። ሁለት ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው ቆየሁ፤ በቃኝ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የግድግዳ ሰዓት ነው። አክስቴ ከጀርመን ስትመጣ ለአባቴ ስጦታ አመጣችለት። «ይሄን ማንም አይሞላውም፤ ፍራንክፈርት አጠገብ ካለ ጣቢያ በሬድዮ እየሰማ ራሱ ያስተካክላል» አለችው። አባቴ እንዴት ደስ እንዳለው! ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ሥራ አርፍዶ አያውቅም። ባትሪ ከተትንለት። ጠቋሚዎቹ ሽር ብለው ዞሩና 12 ላይ ተገጣጥመው ቆሙ። ሲግናል እየፈለገ ነው። አደረ፣ ዋለ። በሦስተኛውም ቀን እዚያው 12 ላይ ነው።

ጣቢያው ዲሲኤፍ77 ይባላል። በ77.5 ኪሎኸርዝ ያሰራጫል፤ ሲግናሉ እስከ 2,000 ኪሎሜትር ገደማ ይሰማል። ከዚያ እስከ እኛ ቤት፣ እስከ ልደታ፣ ከ5,000 ኪሎሜትር በላይ ነው። እንግሊዞችም አላቸው። አሜሪካኖችም፣ ቻይኖችም። ጃፓን እንዲያውም ሁለት አላት። ለአንድ የግድግዳ ሰዓት የሚበቃ ሲግናል እኛ ጋ የሚያደርስ ግን የለም።

አባቴ «ተወው፣ በ2 ሰዓት ዜና እሞላዋለሁ» አለ። እሱም አያዋጣም። በዲሽ የሚመጣው ምስል 36,000 ኪሎሜትር ገደማ ወጥቶ ይወርዳል። ያ ሩብ ሰከንድ ያህል ነው። ምስሉን አሽጎ መልሶ ለመፍታት ደግሞ ተጨማሪ ሰከንዶች ይሄዳሉ። ጎረቤታችን ዜናውን በስልክ ነው የሚያየው፤ የመክፈቻው ሙዚቃ በግድግዳው በኩል የሚሰማን የእኛ ካለቀ በኋላ ነው። «አባዬ፣ እኔ እሠራልሃለሁ» አልኩት። ቃል ገባሁ።

ኤሌክትሮኒክስ እንጀራዬ አይደለም። ማታ ከሥራ መልስ የምቀመጥበት ነገር ነው። የፈለግኩትም ብዙ አይደለም። ቀይ ቁጥር ያለው ትልቅ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር የሚሄድ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ራሱን የሚያስተካክል።

የእኛ አቆጣጠር ራሱ ቀላል ነው። ዓለም ሁሉ ከሚነሳበት ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። የእኛ ሰዓት ደግሞ ከፈረንጁ ስድስት ይቀንሳል። ስለዚህ ሰዓቱን በሚያዘው ኮድ ላይ የሚጻፈው ሲቀነስ 3 ነው። ዩቲሲ 4 ሲል እኛ ጋ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ሲቀነስ 3 የብራዚሊያ የሰዓት ቀጠና ነው። የአባቴን ሰዓት ብራዚል ያለ አድርጌ ሞላሁት፤ ልክ መጣ። ይቺን ሳገኝ የተደሰትኩትን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ቁጥሩ ልክ ሆነ። ትክክለኛዋን ሰከንድ ግን ከየት ላምጣ?

ይሄን ሰው ሳማክር የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው። «ለሐበሻ ቀጠሮ ሰከንድ ምን ያደርጋል?» ደሜ የሚፈላው እዚህ ጋ ነው። ማርፈድ የሰው ጠባይ ነው፤ ሰዓት መሳሳት ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር በእግሬ ስሄድ በየመንገዱ ያየሁትን ሰዓት ከስልኬ ጋር እያስተያየሁ መዘገብኩ። ባንክ፣ ካፌ፣ ፋርማሲ፣ የሚኒባስ ሬድዮ። በቀደመውና በዘገየው መካከል 11 ደቂቃ ልዩነት ነበር። በሰዓቱ የደረሰ ሰው በየትኛው ነው በሰዓቱ ደረሰ የሚባለው?

መጀመሪያ የሞከርኩት ዲኤስ3231 የሚባለውን የሰዓት ቺፕ ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜ እንዳያሳስተው ራሱን ያርማል። እውነተኛው በዓመት ቢሳሳት አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። የእኔን በሳምንት ለካሁት፤ 9 ሰከንድ ቀደመ። እውነተኛው ቢሆን በሳምንት ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሌላ ገዛሁ፣ ያው ነው። ቺፑ ላይ የተጻፈው ስም ደብዝዟል፤ በጥፍር ሲፋቅ ይነሳል። ማስመሰያ ነው። ሻጩ ጋ ይዤ ሄድኩ። «ወንድም፣ እኛም እንደመጣ ነው የምንሸጠው» አለኝ። እሱም ሊፈርድልኝ አይችልም። ግን ያ ገንዘብ የእኔ ገንዘብ ነው። (ይሄን ሞጁል የምትጠቀሙ፣ በ5 ቮልት የምታሠሩት ከሆነ 201 የተጻፈባትን ትንሿን ሬዚስተር ንቀሏት። ቻርጅ የማይደረገውን ሲአር2032 ባትሪ ቻርጅ ልታደርግባችሁ ትሞክራለች። አደገኛ ነው።)

«ኢንተርኔት አለ አይደል?» ትሉኛላችሁ። አለ፣ ሲኖር። ከኢንተርኔት ሰዓት መቀበል ለግድግዳ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው። መልእክቱ ሲሄድ 20 ሚሊሰከንድ፣ ሲመለስ 120 ቢፈጅበት እንኳ፣ ሰዓቱ ጠቅላላውን እኩል ለሁለት ስለሚከፍለው፣ ስህተቱ 50 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ያንን የሰው ዓይን አያየውም። ችግሩ ሰዓቱ ኢንተርኔት የሚፈልገው ልክ መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ያኔ ኢንተርኔቱ የለም። ወይ ገና አልተነሳም፣ ወይ ጥቅሉ አልቋል። አንድ ሌሊት መብራት አራት ጊዜ ሄዶ መጣ። ጠዋት አባቴ ከግድግዳው ፊት ቆሞ «ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ዜሮ ዜሮ ይላል» አለኝ። ምን ልበለው?

ከዚያ ጂፒኤስ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። እያንዳንዱ ሳተላይት የአቶም ሰዓት ተሸክሞ ከ20,000 ኪሎሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይዞራል። ሰዓቱን ለሁሉም በነጻ ይልካል። ኒዮ6ኤም የምትባለው ትንሽ ሞጁል ስትይዘው በየሰከንዱ መጀመሪያ አንድ ምት ትሰጣለች። ከሰከንድ ሚሊዮንኛ በታች ነው የምትስተው። ግን አራት ሳተላይት ማየት አለባት። ሦስቱ ያለችበትን ቦታ ለማወቅ፣ አራተኛው የራሷን ሰዓት ስህተት ለመፍታት። የእኛ መስኮት የሚያየው ፊት ለፊት ያለውን ብሎክ ነው። ከላይ ኮንክሪት፣ ከጎን ኮንክሪት። 40 ደቂቃ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ሞጁሏ ላይ ያለችው መብራት ስትይዝ ብልጭ ብልጭ ማለት ነበረባት። አላለችም። ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ የመጣ ሲግናል እኛ በር ላይ ሲደርስ ይቀራል።

ጣራ ላይ አንቴና ላውጣ ብዬ ኮሚቴውን ጠየቅኩ። የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ናት። ጥበቃው «ካሜራ ናት?» አለኝ። አይደለም አልኩት። «ታዲያ ከሳተላይት ምን ትቀበላለች?» ሰዓት አልኩት። ተያዩ። ሰዓት ለመቀበል ጣራ የሚወጣ ሰው አይተው አያውቁም። «እናያለን» ተባልኩ። ያቺ «እናያለን» ስምንት ወር ሞላት። አሁን የመኪና አንቴና ገዝቼ በማግኔቷ የመስኮቱ ብረት ላይ ለጥፌያታለሁ። አንዳንድ ሌሊት ትይዛለች። ቀን ላይ ትጠፋለች።

መፍትሔው ግን እኮ አዲስ አበባ ሰማይ ላይ አለ! ኤፍኤም ሬድዮ። የመኪና ሬድዮ ላይ የጣቢያው ስም ሲጻፍ አይታችሁ የለ? አርዲኤስ ይባላል። ከድምፁ ጋር በ57 ኪሎኸርዝ ተደብቆ የሚሄድ መረጃ ነው። በዚያው መንገድ ጣቢያው በየደቂቃው ሰዓትና ቀን መላክ ይችላል። ኮንክሪት አይበግረውም፣ ዳታ አይበላም፣ ጣራ አያስወጣም። ኤስአይ4703 የሚባል መቀበያ አስመጥቼ ጣቢያዎቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። እኔ ከያዝኳቸው ስም የሚልኩ አሉ፤ ሰዓት የላከልኝ አንድ ብቻ ነው። እሱም 7 ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል። ደወልኩላቸው። ያነሳው ልጅ በትህትና አዳመጠኝና «ወንድሜ፣ ስልክህ ላይ አታይም?» አለኝ።

ጨጓራዬ ተላጠ። ማሽኑ አለ፣ ማስተላለፊያው አለ፣ ሰዓቱ በየደቂቃው እየወጣ ነው። የጎደለው አንድ ሰው ማሽኑን ከትክክለኛ ሰዓት ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። የጣቢያው ሰዓት ቢስተካከል ይሄን ሰዓት የሚያነብ የመኪና ሬድዮ ሁሉ አብሮ ይስተካከላል። የአባቴም ሰዓት።

ኤፍኤም ጣቢያ ውስጥ በቴክኒክ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ወይም የምታውቁት ካለ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ገንዘብ አልጠይቅም። ራሴ መጥቼ በነጻ አስተካክላለሁ፤ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። መቀበያው ሶልደር ተደርጎ አልቆ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።