እንግዳ በሽሮ?

ጣሊያን ውስጥ ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ በሌሊት ተነስቶ አይብ ሲሠራ ለማየት ይሄዳል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እኔ በምኖርበት በቦሎኛ አካባቢ በአውቶቡስ የመጡ ጎብኚዎች ፀጉራቸውን በላስቲክ ቆብ ሸፍነው፣ ጫማቸው ላይ ላስቲክ አጥልቀው ፓርሚጃኖ የሚሠራበት ቤት በማለዳ ይገባሉ። የማታውና የጠዋቱ ወተት እንዴት እንደሚቀላቀል፣ አንዷ ክብ አይብ 550 ሊትር ያህል ወተት እንደምትጨርስ፣ ቢያንስ 12 ወር መደርደሪያ ላይ እንደምትቀመጥ ይነገራቸዋል። ከዚያ አንድ ሰውዬ በትንሽ መዶሻ ቆርቆር እያደረገ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ «ይቺ ትለፍ፣ ይቺ ትቅር» ሲል ቆመው ያያሉ።

ሞዴና ሲደርሱ ደግሞ ኮምጣጤ ነው። ቆጥ ላይ የተደረደሩ በርሜሎች፣ ትንሹ 12 ዓመት፣ የቆየው 25 ዓመት። በማንኪያ ጫፍ ጠብ ይደረግላቸውና ዓይናቸውን ጨፍነው ይልሳሉ። ለኮምጣጤ!

የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «ያንተንም አገር እንዲህ አሳየን» ሲሉኝ ደረቴን ነፋሁ። እኛ ምን ጎድሎን? ቀጠሮ ይዘን አዲስ አበባ ገባን፣ ፒያሳ አካባቢ አረፍን፣ አስጎብኚም ያዝኩ። «እንጀራ ሲጋገር፣ ሽሮ ሲፈጭ፣ ቡና ሲቆላ ማየት ነው የሚፈልጉት» አልኩት። «ችግር የለም ጋሼ!» አለኝ።

የወሰደን የሆቴል አዳራሽ ነው። ቡፌ። ላዛኛ። ከላዛኛው አጠገብ ተቀቅሎ ተቀቅሎ አጥንቱ የወጣ ስፓጌቲ። ለጣሊያኖች! ጥግ ላይ ጥብስና ክትፎ አለ፣ መድረኩ ላይ እስክስታው ይወርዳል፣ ድምፅ ማጉያው ጆሮ ይበጥሳል። አንደኛዋ እንጀራውን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ ዓይኑ እንዴት እንደሚወጣ አስተናጋጁን ጠየቀችው። «ሼፉ ነው የሚያወጣው» አላት።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ከእንግዶቼ ደግሞ ሁለቱ ሥጋም ወተትም አይቀምሱም። አስጎብኚውን ወደ ጥግ ሳብ አድርጌ «ወንድሜ፣ ዛሬ እኮ ጾም ነው፤ የጾሙን አታስቀርብላቸውም?» ብለው ደነገጠ። «ምን ነካህ ጋሼ? ፈረንጅ እዚህ ድረስ መጥቶ ሽሮ ይብላ? ሰው ምን ይለናል!»

ሰው ምን ይለናል። አንጀቴን ያሳረረኝ ይሄ ነው። አውሮፓ ውስጥ ምግብ ቤቱ ሁሉ ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ነገር ለመፍጠር ይባዝናል። እኛ ረቡዕና ዓርብ ሳይቆጠር ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን አለን። ሱፍ ፍትፍቱ፣ ስልጆው፣ ተልባው፣ የሽንብራ ዓሣው ለዚያ የተሠራ ነው። ይህን ሁሉ ጓዳ ቆልፈን ለእንግዳ ላዛኛ እናሞቃለን። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በፈረንጆቹ 2007 በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ሲያገኝ፣ ሔግ ያለው ፍርድ ቤት 2018 ላይ በዚያው በኔዘርላንድስ ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ስንጮህ ኖረናል፤ መጮሃችንም ልክ ነበር። ግን ሦስት ቀን የሚብላላውን ሊጥ፣ እርሾውን፣ አብሲቱን ሊያይ ለመጣ ሰው «ማጀት ምን አለ? ጭስ ነው!» እንላለን። ጭሱ እንኳ ከቀረ ቆየ፤ ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው።

የሚገርመው ለማኪያቶ ማንም አያፍርም። ከፈረንጆቹ 1953 ጀምሮ ቡና የሚቆላው ቶሞካ ውስጥ ቆመው ሲጠጡ አስጎብኚው ራሱ በኩራት ፎቶ ያነሳቸው ነበር። የነሱን መልሶ ለነሱ ማሳየት!

ዓርብ ዕለት አስጎብኚውን አሰናብቼ (ሒሳቡን በዶላር ተቀብሎኝ፣ የላዛኛውንም ጨምሮ) ራሴ ወፍጮ ቤት ወሰድኳቸው። እናቶች ማዳበሪያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ወፍጮው ያጓራል፤ ባለወፍጮው ከቅንድቡ እስከ ጫማው ቀይ ነው። በርበሬው ሲለቀቅ አንዱ ወፍራም ጣሊያናዊ ማስነጠስ ጀመረና አላባራ አለ። ባስነጠሰ ቁጥር ሰልፉ በአንድ ድምፅ «ይማርህ!» ይለዋል። አንዲት እናት ሽሮአቸውን በመዳፋቸው ዘግነው አስሸተቱት። ኮረሪማውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ በሶብላውን አንድ በአንድ ሲቆጥሩለት እኔ አስተረጎምኩ፤ ሰውዬው ጻፈ። እኚህ እናት ስለ ሽሮ የሚያውቁት ባለመዶሻው ስለ አይቡ ከሚያውቀው አያንስም። የሚከፍላቸው ግን የለም፤ ተራ ያዙ ተብለው ቆመዋል።

ከዚያ በቀጥታ አክስቴ ቤት። ሳልደውል መሄዴ ነው ጥፋት የተባለው። ያለው የጾም ሽሮ ነበር፤ በሸክላ እየተንተከተከ ቀረበ፣ እንግዶቹ ድስቱን ጠርገው ጨረሱት፣ አንደኛዋ ማጀት ድረስ ገብታ አክስቴን አቅፋ ሳመቻት። አክስቴ ፈገግ ብላ ሸኘቻቸው። በሩ ሲዘጋ ዞረችብኝ። «በሰው አገር ሰው ፊት አዋረድከኝ! አንድ ቀን ቀድመህ ብትነግረኝ በግ አላርድም ነበር?» እቴቴ፣ ጾም ነው ብላት «ለነሱ ነው እንጂ ለኔ ነው?»

ቦሎኛ ከተመለስኩ በኋላ ስደውል ስልኩን የምታነሳው ልጇ ናት። በጉ ለሚቀጥለው ጊዜ ከወዲሁ ይገዛል ተብሏል፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ ማለት ነው።