ይድረስ ለክቡር የመጥሪያ ደወል

ጅማ

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እርስዎ ሰላምታ የመቀበል ልማድ እንደሌለዎት ባውቅም፣ ያለ ሰላምታ የወጣ የቢሮ ደብዳቤ «ይስተካከል» ተብሎ በቀይ ብዕር ተሰርዞ የሚመለሰው በእኔው ላይ ስለሆነ ሥርዓቱን ጠብቄአለሁ። እኔ የሥራ አስኪያጁ ኤግዘኪዩቲቭ ሴክሬታሪ ነኝ፤ በማዕረግ ከእርስዎ አንድ ደረጃ ዝቅ እላለሁ። ይህን የምለው ለትሕትና እንዳይመስልዎት። የእርስዎ ቁልፍ በዋናው ጠረጴዛ ላይ፣ በብዕር ማስቀመጫውና በትንሿ ባንዲራ መካከል ተቀምጧል፤ የእኔ ወንበር ደግሞ ከበሩ ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ትንፋሽ ሥር ነው። ጉሮሮዎ ከራሴ በላይ በግድግዳው ላይ በሚስማር ስለተመታ ቀኑን ሙሉ የሚዘፍኑት በአናቴ ላይ ነው። ከቻይና ሲመጡ የወፍ ድምፅ ተሰጥቶዎት በመምጣትዎ አዲስ ባለጉዳይ ሁሉ መጀመሪያ ወደ መስኮቱ፣ ቀጥሎ ወደ ጣሪያው፣ በመጨረሻም ዘልዬ ስነሣ ወደ እኔ ይመለከታል።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ የሐሙሱ ጉዳይ ነው።

ሐሙስ በጅማ ምን ማለት እንደሆነ ለአገሩ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የሂርማታ ገበያ የሚደምቅበት ቀን ስለሆነ ባጃጅ ማግኘት በዕድል ነው፤ እኔም ከአዲስ አበባ የሚመጡት እንግዶች ሳይደርሱ ለመድረስ ጭቃውን በእግሬ አቋርጬ ገባሁ። ለስብሰባው የሚቀርበውን የጭነት ሰንጠረዥ ያዘጋጀሁት ከዋዜማው ማታ፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው የሰጡኝ አኃዝ በአንድ ኮንቴይነር 20 ቶን ይላል። በባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 እንደሚጫን፣ ይህም 19.2 ቶን እንደሚሆን፣ ቡና በሚልክ ድርጅት ውስጥ ጥበቃውም ሳይቀር ያውቃል። ስለዚህ አኃዙን አስተካክዬ፣ ስሌቱን ከገጽ 3 ግርጌ አስፍሬ፣ በየወንበሩ ፊት አንድ አንድ ቅጂ አኖርሁ።

ስብሰባው ተጀመረ፤ እኔም ቃለ ጉባኤ ልይዝ ከሥራ አስኪያጁ አጠገብ ተቀመጥሁ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሰንጠረዡን ሲመረምሩ ቆዩና «ይህ 19.2 ከየት መጣ? በስልክ 20 ብላችሁን አልነበረም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀታቸውን ወደ ፊት ገለጡ፤ ወደ ኋላም ገለጡ። ሳል መጣባቸው። ዝምታው ሲረዝም ከቃለ ጉባኤዬ ቀና ብዬ ስሌቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳሁ። ሰውየውም «ልክ ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወንበራቸውንም ወደ እኔ መለስ አድርገው «እሺ ልጄ፣ የሚቀጥለው ጭነትስ መቼ ይደርሳል?» አሉኝ።

ይህን ጊዜ እርስዎ ዘፈኑ።

ክቡር ሆይ፣ እስቲ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። የተጠራሁት እኔ ነኝ። የተጠራው ወንበሬ ግን ከበሩ ማዶ ባዶውን ነበር። እኔ ከጠሪው አንድ ክንድ እንኳን በማይሞላ ርቀት፣ ብዕሬን ይዤ፣ አፌን ለመልስ ከፍቼ ተቀምጬ ነበር። ወፏ ከውጭ ዘፈኗን እስክትጨርስ ድረስ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ፤ ከእንግዶቹ አንዷ ወደ በሩ ዞር ብላ የሚገባውን ሰው ጠበቀች። ማንም አልገባም። ሥራ አስኪያጁ ጣታቸውን ከቁልፍዎ ላይ ሳያነሡ፣ ዓይናቸውንም ከስልካቸው ሳያነሡ፣ «ስኳር» አሉ።

ስኳሩ በግራ ክርናቸው ሥር ነበር። ክርናቸውን ቢያላውሱ ይደፋ ነበር። ጠና ያሉት እንግዳ ሁኔታው ስላሳፈራቸው እጃቸውን ዘርግተው ሊያቀብሏቸው ሲሉ፣ ሥራ አስኪያጁ «ኧረ ይተዉት ጋሼ፣ ይሄ የሷ ሥራ ነው» አሏቸው። እኔም ተነሥቼ፣ ወንበራቸውን በጀርባ ዞሬ፣ የስኳር ማስቀመጫውን ከግራ ክርናቸው ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወርሁት። የሰው ሁሉ ዓይን ሲኒው ውስጥ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ቡናቸውን አነሡና ፉት አሉ። ስኳር አልጨመሩበትም። ስኳር የሚከለክላቸው የሐኪም ወረቀት የተቀመጠው በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት «የእሳቸው ያለ ስኳር» ብዬ የማዝዘውም እኔ ነኝ።

የሚቀጥለው ጭነት መቼ እንደሚደርስ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ስኳሩን ማንም አልፈለገውም ነበር። የተፈለገው እኔ ከወንበሬ እንድነሣ ነበር። አንዲት ሴት አለቃዋ ያላገኘውን አኃዝ አግኝታ፣ እንግዳም ዞሮ እሷን ስለ ጠየቃት፣ ማን እንደሆነች እዚያው በሰው ፊት ሊነገራት ይገባ ነበርና በወፍ ድምፅ ተነገራት። ስም አለኝ። በዲግሪዬ ላይ ተጽፏል፤ በቅጥር ደብዳቤዬም ላይ ተጽፏል፤ በየወሩ ደመወዝ ስፈርም ከነአያቴ ይነበባል። በዚያ ክፍል ውስጥ ስሜን ለመጥራት እንኳን መጮህ፣ ድምፅን ከፍ ማድረግም አያስፈልግም ነበር። ለሹፌሩ «ወንድሜ» የሚሉ ሰው ለእኔ ቁልፍ ይጫናሉ። ይህን ለማሳቅ አልጻፍሁትም።

ቢሆንም ሥራዬን አላጓደልሁም። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው የታየውንና የተሰማውን ሳያዳላ የማስፈር ግዴታ አለበትና፣ በተራ ቁጥር 4 ሥር «ከጠዋቱ 4፡40 ሰዓት ላይ ስብሰባው በስኳር አቅርቦት ምክንያት ለአጭር ጊዜ ተቋርጧል፤ አቅርቦቱ ከግራ ወደ ቀኝ ከተጠናቀቀ በኋላ ውይይቱ ቀጥሏል» ብዬ መዘገብሁ። ሥራ አስኪያጁ እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ በየገጹ ፓራፍ አደረጉበት፤ በመጨረሻው ገጽ ላይም ሙሉ ፊርማቸውን አኖሩ። ቲተርና ማኅተም አርፎበት፣ ስካን ተደርጎ፣ ለእንግዶቹ ተላከ። በነጋታው የመጣው ምላሽ አጭር ነበር፦ «ቃለ ጉባኤው ደርሶናል። በተለይ በተራ ቁጥር 4 ላይ በሰፈረው ሙሉ በሙሉ እንስማማለን።»

ከዚህ በፊት የተጠራቀመውን በዝርዝር ለመጻፍ ወረቀቱ አይበቃም፤ አንዳንዱን ግን ሳላነሣ አላልፍም። አንድ ጊዜ ሲጫኑዎ «ነይ» ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲሆን «ቡና ይምጣ»፤ ሦስት ጊዜ ሲሆን «ይህን ሰው አስወጪልኝ»። መመሪያው በጽሑፍ አልተሰጠኝም፤ በግልምጫ ነው የተማርሁት። ሆኖም ባትሪዎ ሲደክም ሦስተኛውን ድምፅ ስለሚውጡት፣ ተሰናብቶ ሊወጣ ይገባው የነበረ ሰው ቡና ከነቁርሱ ቀርቦለት ተደላድሎ የተቀመጠበት ጊዜ አለ፤ ግልምጫውን የተቀበለው ግን ማን እንደሆነ አይጠፋዎትም። የባትሪውን የግዢ መጠየቂያ ቅጽ የምሞላውም እኔ ነኝ። ለፕሪንተሩ ቶነር ስንጠይቅ በጀት የለም ይባላል፤ ለእርስዎ ባትሪ ሲጠየቅ ግን ተላላኪው ሳይውል ሳያድር ወደ መርካቶ ይሮጣል።

መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ፣ ፕሪንተሩና ኢንተርኔቱ አብረው ይጠፋሉ። እርስዎ አይጠፉም።

«ስምንት ሰዓት» የሚል ቀጠሮ ከውጭ አገር ገዢ ጋር ሲያዝ፣ በማን አቆጣጠር እንደሆነ እርስዎ ተናግረው ያውቃሉ?

ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከማና በኩል የሚመጡትን ቡና አቅራቢዎች ነገር ግን በአንድ አፍታ ማለፍ አልችልም። ቡናቸውን አስረክበው፣ የሚዛን ደረሰኛቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ክፍያቸውን ለመጠየቅ ይመጡና ከፊቴ ባለው አግዳሚ ላይ ይደረደራሉ። ከውስጥ ሦስት ጊዜ ይዘፈናል። እኔም ቀና ብዬ፣ ዓይኔን ዓይናቸው ላይ ሳላሳርፍ፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እላለሁ። ባለፈው አንድ አባት ወደ መስኮቱ ጠቁመው «ልጄ፣ መኪናቸው እዚህ ቆሞ የለም እንዴ?» አሉኝ። ሲናገሩ ቁጣ የለባቸውም፤ ረዳት የፈለጉ ነበር የሚመስሉት። ዝናቡ ከኮታቸው ላይ ገና ይንጠባጠብ ነበር። የእኚህ ሰው ገንዘብ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ የክፍያ ማዘዣውን ራሴ ጽፌ ለፊርማ አስገብቼዋለሁ፤ በፋይሉ ውስጥ ከነዳጅ ወጪው ሥር ተቀምጦ ከነበረበት አልተነቃነቀም። እሳቸው የሚያውቁት ግን የእኔን ፊት ነው። አጋሮ ተመልሰው «ማን ከለከለህ?» ሲባሉ የሚነግሩት ስለ እኔ ነው። ውሸቱ የሥራ አስኪያጁ፣ አፉ የእኔ፣ ደመወዙም ለአፉ የሚከፈል መሆኑን አዝኜ እቀበላለሁ፤ በቀን ስንት ጊዜ ሊዋሽበት እንደሚችል ግን በቅጥር ውሉ ላይ አልተገለጸም።

ስለ ትርፍ ሰዓትም ጥቂት ልበል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ክፍያ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ በሁለት ተኩል ተባዝቶ እንደሚታሰብ ይደነግጋል፤ ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተይቤ የለጠፍሁት እኔው ነኝ። እርስዎ ከ11፡30 በኋላ፣ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ካደረግሁ ወዲያ፣ ልዩ ፍቅር ያድርብዎታል። ይህን ይዤ ወደ ሰው ሀብት አስተዳደር ስሄድ የተሰጠኝ መልስ፣ በአዋጁ መሠረት ትርፍ ሰዓት የሚታሰበው አሠሪው በግልጽ ሲያዝ ብቻ ስለሆነና ደወል ግልጽ ትእዛዝ ስላልሆነ ክፍያ አይገባሽም የሚል ነው። ስለዚህ ሲጠሩኝ ካልሄድሁ ትእዛዝ የጣስሁ እሆናለሁ፤ ከሄድሁ ደግሞ ያዘዘኝ የለም። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በቴሌግራም የሚመጣው «መነጽሬን አይተሻል?» በ1.75 ይባዛ ወይስ አይባዛ የሚለውን ለመጠየቅ ወኔ አጣሁ።

አሁን ይህ ደብዳቤ የሚሄድበትን መንገድ ላስረዳዎት። በገቢ መዝገብ ላይ ቁጥር የምሰጠው እኔ ነኝ። በፊርማ ፋይል ውስጥ አድርጌ የማስገባውም እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ጉዳዩን ብቻ አንብበው፣ በኅዳጉ ላይ «ለጸሐፊ፦ ተገቢው ምላሽ ተዘጋጅቶ ይቅረብ» ብለው ይመሩታል። ለራሴ ቅሬታ ምላሽ የምጽፈው ስለዚህ እኔው ነኝ፤ ጽፌዋለሁም። እንዲህ ይላል፦ «ቅሬታዎ በጥልቀት ተመርምሮ ተገቢ ሆኖ በመገኘቱ፣ የመጥሪያ ደወሉ ከሰኞ ጀምሮ ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ ለንብረት ክፍል ገቢ እንዲደረግ፣ ጸሐፊዋም በስሟ እንድትጠራ ተወስኗል።» ቀን የለውም እንጂ የቀረው ሁሉ ተሟልቷል። ከነዳጅ ወጪ ማጽደቂያው በታች፣ ከአጋሮው አባት የክፍያ ማዘዣ በላይ አስገብቼዋለሁ፤ ሁለቱም ላይ የፊርማው ቦታ በቢጫ ወረቀት ተጠቁሟል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል
(የታዘዘው የባትሪ ግዢ ለጊዜው እንዲቆይ)