መቶ ሺህ ሉመን ከአንዲት ድንጋይ አይወጣም

የኦንላይን ገበያ ከፍቶ የእጅ ባትሪ ለፈለገ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ነው። 50,000 ሉመን፣ 100,000 ሉመን፤ ከዚያም በላይ የሚደፍር አለ። ዕቃው ግን ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ 18650 በምትባል አንዲት ሊቲየም ድንጋይ የሚሠራ ነው። ይህን ውሸት ለማጋለጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ማስረጃው እዚያው ማስታወቂያ ላይ፣ ከድምቀቱ ቁጥር ሥር ተጽፏል፤ ስለዚህ ማስታወቂያውን የሚያስተናግዱት የገበያ ድረ ገጾች «አላወቅንም» ሊሉ አይገባም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ሉመን ከመብራቱ የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ መጠን ነው። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል 800 ሉመን ገደማ ይሰጣል፤ የመኪና የፊት መብራት ሃሎጅን አምፖል ደግሞ 1,500 አካባቢ። ኤልኢዲ ኃይል ጨምረው ሲያሠሩት በአንድ ዋት 100 ሉመን ይሰጣል ብንል፣ 100,000 ሉመን 1,000 ዋት ይፈልጋል። አንዲት ጥሩ 18650 በ3.6 ቮልት 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ትይዛለች፤ 12.6 ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። 1,000 ዋት ቢጠየቅባት አንድ ደቂቃ እንኳ ሳትሞላ ታልቃለች። ያውም መስጠት ብትችል ነው፤ ከ270 አምፔር በላይ መትፋት ይኖርባታላ! የዚህ ዓይነት ድንጋዮች ብርቱ የሚባሉት እንኳ ያለማቋረጥ የሚሰጡት ከ20 እስከ 30 አምፔር ነው። ማስታወቂያው ግን «ሙሉ ሌሊት ያበራል» ይላል። ድንጋዩዋ ላይ ደግሞ 9,900 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ ይለጠፋል፤ በዚያ መጠን ልክ እንዲህ ያለ አቅም ያለው ድንጋይ የለም።

ብዙ ኤልኢዲ የተደረደረባቸው የእጅ ባትሪዎች ደግሞ የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ክሪ የተባለው አምራች ኤክስኤም-ኤል የተሰኘ ኤልኢዲ ነበረው፤ በ3 አምፔር ሲሠራ 1,000 ሉመን ገደማ ይደርሳል። «ቲ6» የዚሁ ኤልኢዲ የድምቀት ደረጃ መለያ ሲሆን፣ ሻጮች የራሱ የመብራቱ ስም አስመሰሉት። ከዚያ 12 ቲ6 ደርድሮ 12,000 ሉመን ብሎ መጻፍ ነው። ማባዛቱ ትክክል ነው፤ ችግሩ እያንዳንዱ ኤልኢዲ 3 አምፔር አለማግኘቱ ነው። ውስጥ ያለው ርካሽ ሰርኪዩት ያለውን ጥቂት ኃይል ለ12ቱ ያከፋፍላል። ቢያገኝስ? ከ100 ዋት በላይ የሚበላ ዕቃ አብዛኛው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይቀርበታል፤ ያን ሁሉ ሙቀት አንድ ቀጭን የአሉሚኒየም ቀፎ አይችለውም። ኤልኢዲ ሲግል ደግሞ ድምቀቱ ይወርዳል። መስታወቱና አንጸባራቂውም የራሳቸውን ድርሻ ይቀንሳሉ።

100,000 ሉመን ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። ኢማለንት ኤምኤስ18 የተባለው የእጅ ባትሪ አምራች ይህንኑ ቁጥር ይናገራል። ግን ዕቃውን እዩት፤ 18 ትልልቅ ኤልኢዲ፣ ስምንት ወፋፍራም ድንጋዮች፣ ማቀዝቀዣ ፋን፣ ክብደቱም የእጅ ባትሪ ለማለት የሚያስቸግር። ያም ሆኖ በሙሉ ድምቀቱ ብዙ አይቆይም፤ እንዳይግል ራሱን ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ስመ ጥር አምራቾችንም አልምርም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ኤፍኤል 1 የተሰኘ የአሜሪካ የእጅ ባትሪ መለኪያ ደረጃ አለ፤ ብዙዎቹም ይከተሉታል። በዚህ ደረጃ ሉመን የሚለካው መብራቱ ከበራ ከ30 እስከ 120 ሰከንድ ባለው ጊዜ ነው። የቆይታው ጊዜ ደግሞ ድምቀቱ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ይቆጠራል። እንግዲህ «3,000 ሉመን፣ ሁለት ሰዓት» የሚል ሣጥን በደረጃው መሠረት አልዋሸም፤ ግን ሁለት ደቂቃ በ3,000፣ የቀረውን ጊዜ በ400 ሊሠራ ይችላል። ገዢው የሚያነበው ሁለቱን አዳብሎ ነው፤ አምራቹም ይህን ያውቃል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያለው ሉመን ሣጥኑ ላይ በግዴታ ቢጻፍ ይህ ሁሉ ጨዋታ ያበቃ ነበር።

ገዢው ቢታለል አይገርምም። ዓይናችን ድምቀትን በቀጥታ አይመዝንም፤ ሉመኑ እጥፍ ቢሆን እጥፍ ሆኖ አይታየንም። 500 ሉመን በጨለማ ጓሮ ላይ ሲበራ «ጉድ ነው» ያሰኛል፤ ስንት እንደሆነ ግን በዓይን መናገር አይቻልም። በዚህ የሚጎዳው እውነቱን የጻፈው ነው። ለክቶ 1,000 ሉመን ያለ አምራች ከ100,000 ጎን ሲቀመጥ ደካማ መስሎ ይታያል፤ ገዢ ያጣል፣ ወይም እሱም መዋሸት ይጀምራል።

ለዚህ ነው ጣቴን ወደ ድረ ገጾቹ የምቀስረው። ለመላኪያ ሂሳብ ሲሉ ሻጩን የዕቃውን ክብደት ያስሞሉታል። የድንጋዩን ዓይነትና ብዛት አስሞልተው በላዩ ላይ የሉመኑን ጣሪያ የምታሰላ አንዲት ማባዣ ቢያስቀምጡ፣ ከአንዲት 18650 ላይ 10,000 ሉመን ያለፈ ማስታወቂያ ገና ሳይወጣ ይታገድ ነበር። ይህን የሚያደርግ ፕሮግራም ለመጻፍ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።