ሐሳቡ ግራ፣ ኪራዩ ኮዬ ፈጬ

አዲስ አበባ ውስጥ የግራ ፖለቲካን የሚረግም ሰው ለማግኘት ማታ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ መጠበቅ ይበቃል። የብሔሩን ጣጣ፣ የደርግን ግፍ፣ የመሬቱን ነገር፣ አንዳንዴ የኑሮ ውድነቱን ሳይቀር ጠቅልሎ የስልሳዎቹ ተማሪዎች ላይ የሚጭን አይጠፋም። እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ የቤት ኪራይ ለአከራይና ለደላላ ብቻ መተው የለበትም፣ ሙሉ ቀን የሠራ ሰው ደመወዙ ሊያኖረው ይገባል፣ ገንዘብ አጥቶ ከሐኪም ቤት ደጃፍ የሚመለስ በሽተኛ ሊኖር አይገባም ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው ተሰልፏል። እነዚህኞቹ አይተዋወቁም። ቢተዋወቁም አንዱ የጀሞን፣ ሌላው የአየር ጤናን ሰልፍ ይዟል፤ ሰልፍ ደግሞ ለወሬ ተብሎ አይለቀቅም።

«ሐሳቤን የሚጋሩኝ ሰዎች የት ናቸው?» የሚል ጥያቄ ከወጣቶች ይመጣልኛል። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ካዛንቺስ፣ ቦሌ ወይም ለገሃር ይሠራሉ፤ የተከራዩት ግን ከተማው ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ቦሌ አራብሳ ነው። የሚጠብቁት የአንድ ፓርቲ ወይም የአንድ ማኅበር ስም እንድጠራላቸው ነው። እኔ የማነሳባቸው የትራንስፖርት ጉዳይ ሲሆን የምቀልድ የሚመስላቸው አሉ። አልቀልድም። ግራ ዘመሙ በዚህ ከተማ ማኅበረሰብ ያጣው አንባቢው ስላለቀ ሳይሆን አንባቢው ስለተበተነ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቀድሞዎቹን እንይ። ከተማሪው ንቅናቄ ከወጡት ሁለት የግራ ፓርቲዎች መኢሶን የተመሠረተው በ1960 ሃምቡርግ፣ ኢሕአፓ በ1964 በርሊን ነው። ነገሩ ሥር የሰደደው ግን ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ ነበር። በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ የወጡት ተማሪዎች የታክሲ ሳንቲም አላስፈለጋቸውም፤ ከግቢያቸው ፓርላማው በእግር ይደረሳል። የሚተኙበት፣ የሚበሉበት፣ የሚያነቡበትና የሚጨቃጨቁበት ቦታ አንድ ሰፈር ነው። ማታ ያልተቋጨ ክርክር ጠዋት ቁርስ ላይ ይቀጥላል። የዚያን ትውልድ ጽናት ለማስረዳት ብዙ ይባላል፣ ስለ ወኔው፣ ስለ ዓለሙ ሁኔታ፣ ስለ ሞስኮና ፔኪንግ። በአንድ ግቢ መኖሩ ግን እምብዛም አይነሳም።

ቅርበቱ ሁሉን ይፈታ ነበር ማለቴ አይደለም። አንድ መጽሐፍ ተዋውሰው ያነበቡት እነዚያው ሰዎች፣ ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በአንድ ጥያቄ ተሰነጠቁ። መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» እንስጥና ከውስጥ እንግፋው አለ፤ ኢሕአፓ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ» አለ። ሐሳባቸው ከዘጠና በመቶ በላይ አንድ ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም። የቀረችው ልዩነት ጥይት አማዘዘች፤ ቀይ ሽብር መጣ፤ መኢሶንም ራሱ በነሐሴ 1969 ኅቡዕ ከገባ በኋላ በተራው ታደነ። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ የተደረደሩትን ፎቶግራፎች ያየ ሰው አብዛኞቹ ምን ያህል ልጆች እንደነበሩ ይረዳል። ስለዚህ ሰው «ሐሳቤን የሚጋራ» ሲለኝ ትንሽ ጆሮዬን አቆማለሁ። ሙሉ በሙሉ የሚጋራህን አትፈልግ። የሚቃወምህንና በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ የሚመጣውን ፈልግ። መመለስ የሚችለው ደግሞ መንገዱ የማይገድለው ነው።

ወደ ሰፈር ልመለስ፤ እዚህ ላይ ግራ ዘመሞች ራሳችን የምንወቀስበት ነገር አለ። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከወር መቶ ብር በታች የሆኑትን ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑትን «ኪራይ ቤቶች» የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያዛቸው። የቀበሌ ቤት ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ማደሻ በጀት የማያውቀው ቤት ነው። ማቆንጀት አያስፈልግም። ሆኖም ጫማ ጠራጊውና የመንግሥት ሠራተኛው፣ ጠላ ሻጯና መምህሩ ፒያሳና ካዛንቺስ ውስጥ ጎን ለጎን እንዲኖሩ ያደረገው እሱ ነው። ያ የግራ ፖለቲካ ለመሀል አዲስ አበባ ከተወላቸው ነገሮች ሁሉ ተጨባጩ ነበር። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ፒያሳ ፈረሰ፤ ቀጥሎ ካዛንቺስ፤ ከካዛንቺስ የተነሱ ብዙ ነዋሪዎች ገላን ጉራ ገቡ። ከቤቱ ጋር እድሩም ፈረሰ። ያኔ «ግራ ነኝ» የሚል አንባቢ ሁሉ ተሰብስቦ፣ የሚነሳው ሰው ምን መብት አለው፣ እድሩ እንዴት አብሮ ይሄዳል ብሎ ሲመክር አላየሁም። መምከሪያ ቦታም አልነበረውም። ስለ ኒዮሊበራሊዝም በግል እያነበበ ቤቱ ተቀምጧል።

እድርን ያነሳሁት ለናፍቆት አይደለም። የማይስማሙ ሰዎች ለዓመታት ሲገናኙበት የኖረ ሌላ ተቋም ስለማላውቅ ነው። የእድር ዳኛው የፖለቲካ አቋምህን አይጠይቅህም፤ ካልመጣህ ግን ይቀጣሃል። ድንኳኑና ወንበሩ ያለው በእግር ርቀት ነው። የግራ ቡድን ይህን ቢወርስ ይበቃው ነበር።

በምትኩ የምናየው ምንድን ነው? ቦሌ አካባቢ ባለ ሆቴል አዳራሽ፣ ከሥራ በኋላ፣ ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ የሚደረግ ውይይት። የቡናው ዋጋ ብቻውን የአስተናጋጇን የቀን ገቢ ሳያስንቅ አይቀርም። ውይይቱ ሲያልቅ መኪና ያለው በመኪናው ይሄዳል፤ የቱሉ ዲምቱው ሰው ግን ገና በመሀሉ ሰዓቱን እያየ ሹልክ ብሏል። በሚቀጥለው አይመጣም። «ወጣቱ ፖለቲካ ሰልችቶታል» ይባላል።

ቦታውን በሚመለከት ብዙ ወዳጆቼን የማስከፋበት አቋም አለኝ። አራት ኪሎ ይቅር። ትዝታው ደስ ይላል፣ ጋዜጣ ተከራይቶ የሚነበብበት ዘመንም ነበረ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም እዚያ ነው፤ ዛሬ ግን ከደቡብና ከምሥራቅ ለሚመጣ ሰው ሁለትና ሦስት መኪና ነው። ስታዲየምና ለገሃር ይሻላሉ። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ አንዱ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ። ሁለቱ ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ባቡሩ በመለዋወጫ እጥረት እንደተንገላታና እንደሚታጨቅ የማያውቅ የለም፤ ያም ሆኖ የአያቱም የቃሊቲውም የጦር ኃይሎቹም ሰው ሳይለውጥ የሚደርስበት ቦታ እሱ ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ዋና ጽሕፈት ቤትም ከዚያ አካባቢ አይርቅም። የዛሬው ኮንፌዴሬሽን የያኔው የሠራተኞች አንድነት ማኅበር ወራሽ ነው፤ በየካቲት 28 ቀን 1966 የተጀመረውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ የጠራው ማኅበር።

ከማኅበር ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ግራ ዘመም አንባቢ ልብ ያላለው የሕግ ነጥብም አለ። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ውስጥ ማኅበር ማቋቋም ይፈቅዳል። ከአሥር በታች በሆኑ ድርጅቶች የሚሠሩ ደግሞ አባላቱ ከአሥር እስካላነሱ ድረስ ተጣምረው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። አንድ መንገድ ላይ ያሉ የካፌ፣ የፀጉር ቤትና የፎቶ ኮፒ ቤት ሠራተኞችን አስቡ። ያው አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር፤ ዓመታት ሄዱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የደመወዙ ጉዳይ የየቤቱ ወሬ ሆኗል። ይህን ለማውራት የማርክስን «ካፒታል» ማንበብ ግዴታ አይደለም።

ኪራይም እንዲሁ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን እንዲሆን ይላል። ኮንዶሚኒየም የተከራየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ግን ብቻውን ከአከራዩ ፊት ሲቆም ሕጉን መጥቀስ ይፈራል፣ ልቀቅ እንዳይባል። አምስት ተከራይ አዋጁን አብሮ አንብቦ እርስ በርሱ ውል ቢመረምር የጀመረው ነገር ከብዙ የጥናት ክበብ የበለጠ ግራ ነው።

ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ወደ ብሔር ጥያቄ እንደሚዞር አውቃለሁ። የተማሪው ንቅናቄ ሰው ዋለልኝ መኮንን በ1962 ያነሳው ጥያቄ ዛሬም ማንንም ከማንም ያጋጫል። አይከልከል፤ ግን መጀመሪያ የኪራዩ ይለቅ። ሰው ስለ ኪራይ አብሮህ ከተጨነቀ በኋላ ስለ ባንዲራ ሲቃወምህ ድምፁ ይለያል።

ፍርሃቱም አለ፤ «ማን ይሆን ይሄ?» የሚለው ጥርጣሬ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 እና 31 የመሰብሰብና የመደራጀት መብት ይሰጣል፤ መብቱ ወረቀት ላይ ስላለ ብቻ ማንንም ደፋር ሁን አልልም። ስድስት ሆኖ ሻይ ከመጠጣትና አዋጅ ከማንበብ ያነሰ ድፍረት የሚጠይቅ ነገር ግን የለም።

ሰዓቱ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሁን፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ያብቃ፤ የኮዬ ፈጬው ሰው ሳይመሽ ቤቱ ይግባ። ቦታው ስታዲየም ዙሪያ ካሉት ርካሽ ሻይ ቤቶች አንዱ ይሁን። መዋጮ ይኑር፣ ትንሽም ቢሆን። ከመዋጮው መጀመሪያ የሚከፈለው የሩቁ ሰው የመልስ ትራንስፖርት ነው፤ ሻይ በተረፈው ይጠጣል፤ ካልተረፈ ውሃ አለ።